ላዳ፣ ራይድ ወይስ ሚኒባስ? አዲስ አበባ ላይ የመንገድ ሒሳብ በምን ይወሰናል?

ባለፈው ክረምት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ዝናብ ይዞኝ ከአንድ ሕንፃ በረንዳ ሥር ተጠግቻለሁ። የምሄደው ጀሞ ነው። ስልኬ ላይ የከፈትኩት የታክሲ መጥሪያ አፕ 410 ብር ይገምታል። ይገምታል እንጂ መኪና አላገኘልኝም፤ ክቡ ዝም ብሎ ይዞራል። በዚህ መሃል አንድ ላዳ፣ የዝናብ መጥረጊያው በአንድ ወገን ብቻ እየሠራ፣ አጠገቤ ቆመ።

«ጀሞ አንድ፣ ስንት ነው?»

«ስድስት መቶ።»

«ኧረ ወንድሜ! አፑ እኮ አራት መቶ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው እሱን ጥራዋ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አለሳልሶ፣ «ወንድሜ፣ አንተን ጀሞ አድርሼ ባዶዬን እኮ ነው የምመለሰው።»

ተከራክረን በ500 ተስማማን። የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ ስመጣ ሌላ ላዳ 350 ብሎኝ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ገባሁ። ኪሎ ሜትሩ ያው፣ መኪናውም ያው አሮጌ ላዳ። የተለየው ነገር ሜክሲኮ ሲደርስ ሌላ ሰው እንደሚያገኝ ሹፌሩ ማወቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ ሲጠራብኝ መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው። ላዳ የእኔን መንገድ ብቻ ሳይሆን ከእኔ በኋላ ያለውን መንገድ ጭምር ያስከፍለኛል። አፑ የሚቆጥረው እኔ የተቀመጥኩበትን ኪሎ ሜትርና ደቂቃ ብቻ ነው። ባዶውን መመለሻ አፑ ባይቆጥረውም ሹፌሩ ይቆጥረዋል፤ ጥሪውን ተቀብሎ ወዲያው የሚደውልልንና «መድረሻዎ ወዴት ነው?» የሚለንም ለዚሁ ነው። የቱ ይረክሳል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግማሹ እዚህ ላይ ነው። የቀረውን ደግሞ እንየው።

ታክሲ ስንል የትኛውን ነው?

አዲስ አበባ ላይ «በታክሲ መጣሁ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚኒባስ ማለቱ ነው። ሰማያዊ በነጩ፣ ወያላ ያለው፣ ታሪፉን የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ በርቀት ከፋፍሎ የሚያወጣለት። መኪና ለብቻ ስንይዝ ግን «ኮንትራት» እንላለን። ኮንትራት ላዳም፣ ቢጫውም ታክሲ፣ አንዳንዴም ሚኒባሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

«ራይድ» ደግሞ የአንድ ድርጅት ስም ሆኖ ሳለ ዛሬ የሁሉም መጠሪያ ሆኗል። ሰው ፈረስም ጠርቶ፣ ያንጎም ጠርቶ፣ ዛይራይድም ጠርቶ «ራይድ እየጠበቅኩ ነው» ይላል። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡ የመጣላት ማታ ከሥራ ስትወጣ ከታክሲ ጋር ከሚገጥማት የዋጋ ክርክር እንደሆነ ተናግራለች። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እዚህ ከተማ አፕ የገባው በዋጋ ርካሽነት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሰለቸው ክርክሩ ነበር። ማታ ብቻዋን ቆማ ዋጋ የምትከራከር ሴት፣ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ከሚከራከር ወንድ እኩል አቅም የላትም። ሹፌሩም ያውቀዋል።

ላዳው ዋጋ የሚጠራው በምን ሒሳብ ነው?

ብዙ ሰው «ባፋቸው የመጣላቸውን ነው የሚጠሩት» ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ከላዳ ሹፌሮች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሬ የያዘ ሰው በጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ሒሳብ ቶሎ ይደርስበታል።

አንደኛው ያልኩት መመለሻ ነው። ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ስታዲየም ሰው የሚገኝባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ወደ እነሱ መሄድ ይረክሳል። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ሲባል፣ በተለይ ከመሸ፣ ሹፌሩ ፊቱን ያጨማድዳል። መንገዱ ስለራቀ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ሲወጣ የሚያሳፍረው ሰው ስለማያገኝ ነው።

ሁለተኛው «ገቢ» ነው። መኪናው የራሱ ያልሆነ ሹፌር በየቀኑ ለባለቤቱ የሚያስገባው ቁርጥ ገንዘብ አለበት። ገቢውን ገና ያልሞላ ሹፌር ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሃምሳ ብር ለመቀነስ ብዙም አያንገራግርም። የሞላው ግን ይመርጣል፤ ሰፈሩ ወዳለበት አቅጣጫ ካልሆነ በቀር በውድ ዋጋ ካልሆነ አይንቀሳቀስም። አንዳንዴ ላዳ ሙሉ ዋጋ ብትሰጡትም «አልሄድም» የሚለው ለዚህ ነው፤ ወደ ቤቱ እየገባ ነው። በተቃራኒው የእናንተ መንገድ ወደ ሰፈሩ ከሆነ የቀኑን ርካሽ ዋጋ አገኛችሁ ማለት ነው። እኔ ማታ ማታ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት «ወዴት ነህ አንተ?» ማለት የጀመርኩት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ሦስተኛው እናንተ ናችሁ። አለባበሳችሁ፣ የያዛችሁት ሻንጣ፣ ሰዓታችሁን ደጋግማችሁ ማየታችሁ፣ ከየትኛው ሆቴል በር እንደወጣችሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ በአነጋገሩና በጫማው ይለያል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ቦሌ አየር ማረፊያ አካባቢ ይሄ ጎልቶ ይታያል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይከራከርላችሁ።

የቀረው የዕለቱ ሁኔታ ነው። ዝናብ፣ የቤንዚን ሰልፍ፣ የበዓል ዋዜማ፣ በጉባኤ ወይም በሩጫ ምክንያት የተዘጋ መንገድ። አንድ ቦታ አምስት ላዳ ተሰልፎ ከቆመ ዋጋው ይወርዳል፤ አንድ ብቻ ካለ ንጉሥ ነው።

አፑ የሚያሰላውና የማያሰላው

የአፕ ሒሳብ በመሠረቱ ሦስት ነገር ይደምራል፦ መነሻ፣ ኪሎ ሜትርና ደቂቃ። በዚህ ላይ እንደ መኪናው ዓይነት፣ እንደ ሰዓቱና እንደ ጥሪው ብዛት ይለያያል። ነገሩን በቁጥር ለማየት መነሻው 150 ብር፣ ኪሎ ሜትሩ 22 ብር፣ ደቂቃው 3 ብር ነው እንበል። ይህ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደለም፤ ለማስላት እንዲመቸኝ የወሰድኩት ነው።

ሁለት ኪሎ ሜትር በስምንት ደቂቃ ስትሄዱ 150 ሲደመር 44 ሲደመር 24፣ በጠቅላላው 218 ብር ይመጣል። በኪሎ ሜትር 109 ብር መሆኑ ነው! አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በሠላሳ ደቂቃ ከሄዳችሁ 504 ብር፤ በኪሎ ሜትር 42 ብር። አጭር መንገድ ላይ የምትከፍሉት ለመንገዱ ሳይሆን መኪናው ተነሥቶ ለመምጣቱ ነው። ከካዛንቺስ ኡራኤል ለመሄድ አፕ የሚከፍት ሰው ይህን ቢያሰላ ጃንጥላውን ይዞ በእግሩ የሚሄድ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ያንኑ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንሂደው። ቦሌ ተነሥታችሁ መገናኛ ስትደርሱ መኪናው ቆመ። ከፊት አውቶቡስ፣ ከጎን ሲኖትራክ። የሹፌሩ ስልክ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይታያችኋል፤ ኪሎ ሜትሩ ቆሟል፣ ብሩ ግን አንድ አንድ እያለ ይሄዳል። ሠላሳው ደቂቃ ሰባ አምስት ቢሆን ሒሳቡ 639 ብር ይደርሳል፤ 135 ብሩ የጭንቅንቁ ነው። ሹፌሩንም አትውቀሱት። በዚያ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቀምጦ ያገኘው 135 ብር ሌላ ጥሪ ቢሠራበት ከሚያገኘው ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ አፖቹ ራሳቸው ይለያያሉ። አንዱ መጀመሪያ ላይ ግምት ብቻ ያሳያችሁና ቁርጡን ስትወርዱ ይነግራችኋል። ሌላው ሲጠራ ያሳያችሁን ዋጋ ቆርጦ ይይዘዋል። በመጀመሪያው ዓይነት ጭንቅንቁን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ በሁለተኛው ሹፌሩ። ስለዚህ መንገዱ እንደሚጨናነቅ እርግጠኛ ስትሆኑ ዋጋ የሚቆርጠውን ክፈቱ፤ እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል የሚቆጥረውን። ብዙ ሰው አንድ አፕ ብቻ ጭኖ እሱኑ ይወቅሳል። ሁለት መጫን ምንም አያስከፍልም።

ዝናብ ሲጥል የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። ጥሪ ሲበዛ ዋጋ የሚጨምር አፕ አለ፤ የማይጨምርም አለ። የማይጨምረው የሚሻል ይመስላል፤ ግን እኔ ሜክሲኮ ላይ ያየሁት ምንድን ነው? ዋጋው 410 ሆኖ ቆመ፣ መኪናው ጠፋ። የወረቀት ላይ ርካሽ ሆነብኝ። ዋጋ የሚጨምረው አፕ ደግሞ ያስቆጣል፤ ነገር ግን ቤቱ ሊገባ የነበረውን ሹፌር ይመልሰዋል። ካልቸኮላችሁ ሃያ ደቂቃ ቡና ጠጥታችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ጭማሪው ብዙውን ጊዜ ከዝናቡ ጋር ነው የሚያባራው።

አፑ የማያሰላው ሌላ ነገር አድራሻችን ነው። ቤቶቻችን የሚታወቁት «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር» እየተባለ ነው። ካርታው ላይ የተተከለው ምልክት ከእናንተ ሦስት መቶ ሜትር ሲርቅ ሹፌሩ ማዶ ይቆማል፤ መንገዱ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ከሆነ ዞሮ ለመምጣት ሩቅ ነው። ጉዞውን እዚያ ከጀመረው ዙሩም በእናንተ ሒሳብ ነው። በኮሪደር ልማቱ የተነሣ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ መንገዱ ሲለዋወጥ ብዙ ሹፌር ካርታውን ትቶ በልቡ ሲነዳ አይቻለሁ። ስለዚህ መኪናው ወደሚቆምበት ወገን ተሻግራችሁ ጠብቁ፤ የመቶ ሜትር እርምጃ የሃምሳ ብር ያህል ዋጋ አለው። ስልካችሁ ኢንተርኔት ከሌለው ደግሞ በድምፅ ማዘዝ ይቻላል፤ የራይድ 8294 ለዚህ ነው የሚያገለግለው፣ እናቶቻችንም የሚጠቀሙት እሱን ነው።

«አፑን ላጥፋውና በኮንትራት እንነጋገር»

ይህን ያልሰማ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ኮሚሽን ነው። ሹፌሩ ከድርጅቱ ጋር ያለው ሒሳብ እንደ ስልክ ካርድ ነው፤ አስቀድሞ ገንዘብ ይሞላል፣ እያንዳንዱ ጉዞ ሲያልቅ የድርጅቱ ድርሻ ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ሒሳቡ ካለቀ ጥሪ አይመጣለትም። አፑን አጥፍቶ ቢወስዳችሁ ያ ድርሻ በኪሱ ይቀራል።

የሚገርመው ግን ይህን ሐሳብ የሚያቀርብ ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃችሁ አፑ ያሳየውን ዋጋ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የኮሚሽኑን ግማሽ እንኳ ካልቀነሰላችሁ እናንተ ምን አገኛችሁ? በዚያ ላይ የጉዞው መዝገብ የለም። ስልካችሁን መኪናው ውስጥ ብትረሱ ማን ጋር ትደውላላችሁ? እኔ ቀን ቀን፣ ፊቱን ከማውቀው ሹፌር ጋር ሲሆን እስማማለሁ። ማታ አልስማማም፤ እህቴም እንዳትስማማ ነግሬአታለሁ።

ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስወድደው

ነዳጅ ሲጨምር ሦስቱም ይጨምራሉ፤ ፍጥነታቸው ግን አንድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ 48 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 101 ብር አልፏል። ላዳው ጭማሪውን የሰማ ዕለት ማታውኑ ዋጋ ይጨምራል፤ ከማደያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ጨርሷል። አፑ ድርጅቱ ታሪፉን እስኪያስተካክል ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይዘገያል፤ በእነዚያ ቀናት ሹፌሩ ይከስራል፣ ጥሪ መምረጥም ይበዛል። ሚኒባሱ የቢሮውን አዲስ ታሪፍ ይጠብቃል፤ ቢያንስ በወረቀት። የሕዝብ ማመላለሻ ሆነው የተመዘገቡ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር በኩል የነዳጅ ድጎማ ሲያገኙ መቆየታቸውም የሚኒባሱን ዋጋ ይዞት ቆይቷል።

ስለዚህ ነዳጅ በጨመረ ሳምንት አፕ ከላዳ ይረክሳል፤ መኪና ካገኛችሁ።

ከነዳጁ ሌላ መለዋወጫው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይት፣ ሁሉም ተሰቀለ። አሮጌ ላዳ በኪሎ ሜትር የሚጠጣው ቤንዚን ከቪትዝ ወይም ከሱዙኪ ዲዛየር በብዙ ይበልጣል። ላዳ ረጅም መንገድ ላይ ዋጋው የሚከብደውም አንዱ በዚህ ነው፤ ጋራዥ ገብቶ የሚያድርባቸውን ቀናት ሳንቆጥር።

የኤሌክትሪክ መኪናው ነገር ደግሞ ለብቻው ይወራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አፕ ስንጠራ ድምፅ የሌላት መኪና መምጣቷ እየተለመደ ነው። ቤቱ ቻርጅ አድርጎ የሚያድር ሹፌር ለኃይል የሚያወጣው ቤንዚን ከሚቀዳው ጋር አይወዳደርም። እኛ የምንከፍለው ግን ቤንዚን ስትጠጣ ከነበረችው መኪና እኩል ነው፤ አፑ ታሪፍ የሚያወጣው በመኪናው ደረጃ እንጂ በሚበላው አይደለም። ቁጠባው ለመኪናው ብድር ሄደ ይሉኛል ሹፌሮቹ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ለተሳፋሪው አንድ ጥቅም አለው፤ የኤሌክትሪክ ሹፌር የቤንዚን ሰልፍ ቀን አይጠፋም። ባትሪው ሲያንስ ግን ቱሉ ዲምቱ ብትሉት እንደ ላዳው ፊቱን ያጨማድዳል።

እንግዲህ የቱን መቼ?

ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ቀን ከሆነና ካልቸኮላችሁ ሚኒባስን የሚያህል የለም። ወጉ ግን ታሪፉን ማወቅ ነው፤ በተለይ «ማቆራረጥ»ን። ከመገናኛ አያት ድረስ መጫን የሚገባው ሚኒባስ ግማሽ መንገድ ላይ «እስከዚህ ነው» ብሎ አውርዶ እንደገና ሲያስከፍል ሁለት ታሪፍ ከፈላችሁ ማለት ነው። ከመግባታችሁ በፊት መድረሻችሁን ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፤ ወያላው መልሶ ሲጮህ ሁሉም ይሰማል።

ሦስትና አራት ከሆናችሁ ሒሳቡ ይገለበጣል። የ504 ብሩ አፕ ለአራት ሲካፈል 126 ነው። ሁለት ሚኒባስ ቀያይራችሁ፣ ሰልፍ ቆማችሁ፣ ጫማችሁ ተረግጦ የምትከፍሉትን ስትደምሩ ልዩነቱ ለምቾታችሁ የሚበዛ አይደለም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዓርብ ማታ የምናደርገው ይኼንን ነው፤ የመጨረሻው የሚወርደው ሰው ይከፍልና በማግስቱ ቴሌብር እንልክለታለን። አንዱ ሁልጊዜ ይረሳል።

አጭር መንገድ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በታች፦ ላዳ። የአፑ መነሻ እዚህ ላይ ይጎዳችኋል፤ ላዳው ደግሞ ቶሎ ስለሚመለስ ብዙ አይጠራም።

ረጅም መንገድ፣ ከከተማው ወደ ዳር፣ በተለይ ማታ፦ አፕ። ባዶውን መመለሻ አፑ ስለማይቆጥረው በዋጋ የማይገኝ ዕድል ነው። ችግሩ ሹፌሩ ይቆጥረዋል። ደውሎ «ወዴት ነው?» ሲላችሁ በሐቀኝነት ንገሩት። ካልፈለገ ቶሎ ይሰርዘው፤ ሃያ ደቂቃ አስጠብቆ ከሚሰርዝ ይሻላል። ሁለት ሦስት ሹፌር ከሸሸ ደግሞ የላዳው 500 ብር እውነተኛው የገበያ ዋጋ እንደሆነ ተቀበሉት።

ከዳር ወደ መሃል፣ በቀን፦ ሁለቱንም ጠይቁ። ጀሞ ወይም አያት ላይ ሰው አድርሶ ባዶውን የሚመለስ ላዳ ካገኛችሁ ከአፕ በታች ይወስዳችኋል። አቅጣጫው ወደ ከተማ የዞረ፣ ቀስ ብሎ የሚነዳና ዓይኑ የመንገድ ዳር የሚቃኝ ላዳ ካያችሁ ያ ነው። እሱን አስቁሙና መጀመሪያ ዋጋውን እናንተ ጥሩት።

ዕቃ ካለ፦ ጤፍ በጆንያ፣ ፍራሽ፣ የሙሽራ ሶፋ። የአፕ ሹፌር የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ጆንያውን ሲያይ የሚያሳየው ፊት አለ። የፋሲካ ዋዜማ በግ ይዤ አፕ የጠራሁ ጊዜ ሹፌሩ መስኮቱን በጣት ስፋት ከፍቶ፣ «አባቴ፣ መኪናው የሰው ነው» ብሎኝ ሄደ። ጥፋቱም የእኔ ነበር። ከሾላ ገበያ የወሰደኝ ላዳ ለበጉ ለብቻው አስከፈለኝ፤ ግን ወስዶ አደረሰኝ፤ በጉንም አውርዶ በር ድረስ ጎተተልኝ። አፕ ላይ ለበግ የሚሆን ምርጫ እስኪገባ ድረስ በዚህ በኩል ላዳን የሚተካ የለም።

አየር ማረፊያ፦ ወደ ቦሌ ስትሄዱ አፕ፤ ሰዓቱን አስቀድማችሁ፣ ሌሊት ከሆነ በዋዜማው ከምታውቁት ሹፌር ጋር ተነጋገሩ። ስትመጡ ግን ከበሩ ላይ የሚቆሙት ታክሲዎች ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ የአፑ መኪና ፓርኪንግ ውስጥ ስለሚጠብቃችሁ ሻንጣ እየገፋችሁ ትሄዳላችሁ፣ የፓርኪንጉም ክፍያ ብዙ ጊዜ በእናንተ ላይ ነው። እናቴን ከሻንጣዎቿ ጋር ስቀበል የበሩን ታክሲ ያዝኩ፤ ብቻዬን ስመጣ ፓርኪንግ ወረድኩ።

ዋሽንግተን ላላችሁ ዘመዶቻችን

አንድ የአጎቴ ልጅ ዲሲ ላይ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ እዚያ ታክሲ ውስጥ አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። እሱ ሲያወራኝ የገባኝ ነገር ቢኖር የእነሱ ነገር ከእኛ የተገለበጠ መሆኑን ነው። እኛ ጋ የሚቆጥረው አፑ ነው፤ የሚዋዥቀው ላዳው። እዚያ ግን ከተማው ያወጣለትን ታሪፍ በቆጣሪ የሚያስከፍለው ታክሲው ነው፤ ዝናብ ሲጥል፣ ኳስ ሲያልቅ፣ የአዲስ ዓመት ሌሊት ሲሆን ዋጋው የሚሰቀለው የኡበርና የሊፍት ነው።

ዲሲም ብትሆን ሁልጊዜ በቆጣሪ አልነበረችም። እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ተሳፋሪው የሚከፍለው ስንት ዞን እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ነበር። የመስመሩ ማዶ ከተሻገራችሁ ሌላ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ልማዱ ያላቸው ሰዎች ከመስመሩ በፊት ወርደው በእግራቸው ይሻገሩ ነበር ይለኛል። ከ2018 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ከአፕ ጉዞዎች ገቢ ላይ 6 በመቶ ግብር ትወስዳለች፤ እሱም ዞሮ ዞሮ የተሳፋሪው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ እዚያ ላላችሁ ምክሩ ተቃራኒ ነው። ጸጥ ባለ ሰዓት አፑን ክፈቱ፤ ዋጋው ሲሰቀልባችሁ እጃችሁን አንሥታችሁ ታክሲ አስቁሙ። ለዕረፍት አዲስ አበባ ስትመጡ ደግሞ ልማዳችሁን አውሮፕላኑ ላይ ተዉት፤ እዚህ እጅ አንሥቶ ያስቆመ ሰው ክርክር ነው ያስቆመው።

የሜክሲኮው ላዳ

ክርክር ካልቀረ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ አፑን ከፍቼ ዋጋውን አያለሁ፤ ባልጠራም። ቁጥሩን ለሹፌሩ አልነግረውም፤ ሜክሲኮ ላይ ያጠፋሁት እሱን ነው፤ «እሱን ጥራዋ» ካለ በኋላ የሚባል ነገር የለም። ቀጥዬ ወዴት አቅጣጫ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ ዋጋውን እኔ እጠራለሁ፣ ከአፑ ሃምሳ ብር ዝቅ አድርጌ። ዝርዝር ብር እይዛለሁ፤ «መልስ የለኝም» ማለት የሃምሳ ብር ጭማሪ ነው። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ዋጋ አላነሣም።

ያን ምሽት ግን ይህን ሁሉ ገና አላውቅም። ጀሞ አንድ ደረስን። 500 ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁትና ወረድኩ። በሩን ገና ሳልዘጋው፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት በዝናቡ ውስጥ ሮጣ መጥታ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ሜክሲኮ ስንት ነው፣ ወንድሜ?»

ሹፌሩ ቀና ብሎ አየኝ። ስንት እንዳላት አልሰማሁም፤ መስኮቱን ከፍ አደረገው።